እየሠሩ ማስታመም፦ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆነ የጎጃም ሴቶች

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣም ሆነ በዳንግላ ዕድሜያቸው 50ን ያለፈ ብዙ ሴቶች ሁለት ሥራ ይዘዋል። አንዱ እንጀራ ጋግሮ ለሆቴል ማስረከብ፣ ጠላ መጥመቅ፣ ጉሊት መቀመጥ ወይም ቢሮ ገብቶ መውጣት ነው። ሌላው አልጋ ላይ የቀረች እናትን፣ ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለውን ባል፣ ወይም እናቱ ዐረብ አገር የሄደችበትን የልጅ ልጅ መያዝ ነው። ብር የሚመጣው ከመጀመሪያው ስለሆነ ቀኑ የሚታቀደው በእሱ ነው፤ ማስታመሙ በተረፈው ሰዓት እንዲገባ ይደረጋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ታማሚ አይጠብቅም፤ ሊጥ ግን በአግባቡ ከያዙት ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የታማሚው ሰዓት ይቀመጥ፣ ከዚያ ሥራው በመካከሉ ይግባ።

ከሁሉ በፊት ሦስት ቀን ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ያዘጋጁ። መጻፍ የማይመችዎ ከሆነ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ይጻፍልዎ። ለሦስት ቀን (አንዱ የገበያ ቀን ይሁን) ለታማሚው ብለው የተነሡበትን ሰዓት ሁሉ ያስፍሩ፦ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ጨርቅ መለወጥ። ከጎኑ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይጻፍ። ሌሊት የተነሡበትንም አይዝለሉ፤ ቀን ላይ የሚጥልዎት ድካም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ዝርዝሩን ለሁለት ይክፈሉት። መድኃኒት፣ ማገላበጥና የስኳር ታማሚ ምግብ ሰዓታቸው አይገፋም፤ እነዚህን ያክብቡባቸው። ልብስ ማጠብ፣ ገላ ማጠብ፣ ጠጉር ማበጠር፣ ቤት መጥረግ ግን ወደ ማታም ወደ ነገም ይገፋሉ፤ ለሌላ ሰው የሚሰጡትም እነዚሁ ናቸው። ከተከበቡት ሰዓቶች መካከል የሚተርፈው ክፍት ጊዜ የገቢ ሥራዎ ጊዜ ነው። ከአልጋ መነሣት የማይችል ታማሚ ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ክፍት ጊዜ ቀን ላይ ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አይበልጥም።

የማይገፉት ሰዓቶች

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይለወጥ። በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጫነ ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ሰዓቱ ሲረዝም ከውስጥ መሞት ይጀምራል፣ ከላይ ቁስል ሆኖ የሚታየው በኋላ ነው። ጭቃ መደብ ላይ በቁርበት ወይም በሳሳ ፍራሽ የተኛ ሰው ቶሎ ይቆስላል። ሌሊት ግን ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ከሆነና ቆዳው ደህና ከሆነ እስከ 4 ሰዓት ማቆየት ይቻላል። እርስዎም ያልተቆራረጠ እንቅልፍ የሚያገኙት በዚህ ስለሆነ የመጀመሪያው ብር ለፍራሽ ይውጣ።

አገላበጡ በግራ ጎን፣ በጀርባ፣ በቀኝ ጎን እየተዘዋወረ ነው። በጎን ሲተኛ ጀርባው በትራስ ይደገፍና ትንሽ ወደኋላ ጋደል ይበል፤ ሙሉ ክብደቱ ዳሌው አጥንት ላይ አይረፍ። በጉልበቶቹ መካከል የታጠፈ ነጠላ ያስገቡ። ባቱ ስር ትራስ ያድርጉና ተረከዙ ከፍራሹ ይነሣ። ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። የጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝና ቁርጭምጭሚት አካባቢ ከሌላው ቦታ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም ሲነካ የሚያመው ካገኙ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። በዚያ ጎን አያስተኙት፣ አይሹት፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይሰነጥቀዋል። ከተላጠ ቅቤም፣ ቡናም፣ አመድም አይደረግበት። ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ ወይም የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ይጥሩ።

ሲያነሡ ከወገብዎ አይጎንበሱ። ጋቢ ለሁለት ታጥፎ ከትከሻው እስከ ጭኑ ስር ይነጠፍ፤ ሁለት ሰው ከሁለት በኩል ጫፉን ይዞ ሲስበው ታማሚው ሳይፈተግ ይንሸራተታል። ብቻዎን ከሆኑ ከእርስዎ ራቅ ያለውን ጉልበቱን ያጥፉት፣ አንድ እጅዎን ትከሻው ላይ፣ አንዱን ዳሌው ላይ አድርገው ወደ ራስዎ ያንከባሉት። መደቡ ዝቅ ያለ ከሆነ አንድ ጉልበትዎን መሬት ያስነኩ። ስትሮክ የመታውን ሰው በብብቱ ይዞ መጎተት አይገባም፤ የዛለው ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወጣል።

ማብላትም የራሱ ሰዓት አለው። ስትሮክ የመታው ሰው ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ ውኃው ወደ ሳንባ እየገባ ነው፤ የሳንባ ምች የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ከቀጭን ውኃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ ማንኪያ ይሰጠው፣ በልቶ 30 ደቂቃ ሳይተኛ ይቆይ። ይህ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ስለሚወስድ በዕቅድዎ ላይ እንዳለ ያስገቡት፤ በ10 ደቂቃ የሚያልቅ አይምሰልዎ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡ ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳል። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታና መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙት፣ ሲሻለው ምግብ ያስከትሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ይወሰድ። ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን አስቀድመው ያነጋግሩ። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መድኃኒት መውሰድ ለእንዲህ ያለ ሰው አደገኛ ነው፤ ታማሚ አረጋውያን ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ ጾም አይተዉም፣ ከንስሐ አባታቸው አፍ መስማት ይፈልጋሉ።

የትኛው ሥራ ከማስታመም ጋር ይሄዳል?

የሥራው ትርፍ ከመታየቱ በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ፦ ይህን ሥራ ሳይበላሽ ስንት ደቂቃ ጥዬው መነሣት እችላለሁ?

ፈትልና ስፌት በማንኛውም ደቂቃ ይቀመጣሉ። ገቢያቸው ዝግ ያለ ነው፣ ዓይንም ይጠይቃሉ፤ ታማሚው አጠገብ ሆኖ መሥራት ግን የሚቻለው እነዚህን ነው። ግብጦም ለአስታማሚ ይመቻል፤ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት ውኃ ውስጥ የሚቆይ ስለሆነ የእርስዎ ድርሻ ውኃውን መለወጥ ነው። ጠላ ከባድ የሚሆነው ጌሾና ብቅል በሚዋሐዱበት፣ ቂጣው በሚጋገርበትና ጠላው በሚጠመቅበት ቀን ብቻ ነው፤ በመካከሉ ያሉት ቀናት ያሳርፋሉ። ከባዶቹን ቀናት ረዳት በሚኖርበት ቀን ያድርጓቸው።

አረቄ ማውጣትን አንመክርም። እሳቱ ለሰዓታት እኩል መጠበቅ አለበት፣ ተኑ በእሳት ይያያዛል፣ ማሰሮው ከነደደ ደግሞ ሁሉም ያርራል። ቤቱ ውስጥ የሚንከራተት አእምሮው የደከመ አረጋዊ ወይም መዳህ የጀመረ ሕፃን ካለ ጨርሶ አይሞከርም። በርበሬ መቁላትና መደለዝም የሚያስል ታማሚ ካለበት ቤት ርቆ፣ ጎረቤት ግቢ ይሁን። ጉሊት ከቤት ስለሚያወጣዎት የሚሆነው የሚቀመጥልዎ ሰው በቁርጥ ሲኖር ብቻ ነው፤ «ጎረቤት ዓይኗን ትጥልልኛለች» የሚባለው አያስተማምንም።

እንጀራ በልክ

ለከተማ ሴት ከማስታመም ጋር በደንብ የሚሄደው ሥራ በትዕዛዝ እንጀራ መጋገር ነው፤ ግን በልኩ። 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ከ6 እስከ 8 እንጀራ ይወጣዋል። አንዱ ከማሰስ እስከ ማውጣት 3 ደቂቃ ቢይዝ በሰዓት 20 ይሆናል። 60 እንጀራ እንግዲህ 3 ሰዓት ነው፤ በአንድ መቀመጫ ከጋገሩት አንድ ጊዜ ማገላበጥ ያልፍዎታል። ስለዚህ 30፣ 30 ሆኖ ለሁለት ይከፈል።

የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሊጡን በሙሉ አብሲት ጨምረውበት ግማሹን ጋግረው ግማሹን ያቆዩታል። አብሲት የገባበት ሊጥ ኩፍ ካለ በኋላ ሲቆይ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል፣ ዓይኑም ይጠፋል። ሊጡ ገና ሲቦካ በሁለት ባልዲ ይሁን። እንደ ደብረ ማርቆስና ሞጣ ብርድ ባለበት 3 ቀን፣ እንደ ባሕር ዳር ሞቅ ባለበት 2 ቀን ይበቃዋል። ላዩ ላይ ያቆረው ውኃ ይደፋና ለእያንዳንዱ የ5 ኪሎ ባልዲ 1 ሊትር ያህል ሊጥ ተወስዶ 3 ሊትር በሚሆን የፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ አብሲት ይሠራ። እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ይብረድ፤ ትኩሱን ከጨመሩት እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ድፍን ይሆናል። የሁለተኛው ባልዲ አብሲት የሚጨመረው መጋገሩ ሊደርስ 2 ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው፤ ሞቃት ቦታ 1 ሰዓት ይበቃል።

ቀኑ እንዲህ ሊሄድ ይችላል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ታማሚው ይገላበጣል፣ ጨርቁ ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ባልዲ አብሲት ይገባል። 12 ሰዓት ቁርስና መድኃኒት። 1 ሰዓት ጎን መለወጥ፤ ለሁለተኛው ባልዲ አብሲት መጨመር። ከ1፡15 እስከ 2፡45 የመጀመሪያው 30 ይጋገራል። 3 ሰዓት ማገላበጥ፣ ውኃ ማጠጣት፣ እርስዎም ቁርስ መቅመስ። ከ3፡15 እስከ 4፡45 ሁለተኛው 30። 5 ሰዓት ላይ ታማሚው ሲገላበጥ እንጀራው ለምሳ ሰዓት ወደ ሆቴሉ ይወጣል። 6 ሰዓት ምሳ። 7 ሰዓት ካገላበጡ በኋላ ሌላ ሥራ አይጀመር፤ ጋደም ይበሉ። 9 ሰዓት ላይ የሚቀጥለው ሊጥ ይቦካል። ምጣዱን ሁለቴ ማሞቅ ግድ ስለሆነ ትንሽ መብራት ይጨምራል፤ ለታማሚው ቆዳ ሲባል የሚከፈል ነው።

ከሆቴሉ ጋር ሲዋዋሉ ሦስት ነገር ይቁረጡ። ማስረከቢያው 5 ሰዓት ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚፈልግ ደንበኛ አይያዝ። ክፍያው በየሳምንቱ ይሁን፣ በወር ከሆነ የጤፍ መግዣ ያጥርዎታል። እርስዎ ሆስፒታል ሲገቡ ማን እንደሚጋግር አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ይህች ሴት የምጣዷ ስፋት ከእርስዎ ጋር አንድ ይሁን፣ ከአንድ ነጋዴ ጤፍ ግዙ። ሆቴል ደንበኛ የሚለውጠው እንጀራ አንድ ቀን ስለቀረ ሳይሆን ስፋቱና ቀለሙ ሲዘበራረቅበት ነው። መብራት ሲጠፋ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በተጠባባቂነት ይኑር፣ ጭሱ ግን ታማሚው ወደተኛበት አይግባ።

ቤተሰቡን ማሰለፍ

«ሁላችሁም እርዱኝ» የሚል ጥሪ ማንንም አያመጣም። ደብተሩን ይዘው፣ ቀንና ሥራ ለይተው ይጠይቁ። ገጠር ያለ ልጅ ወይም ወንድም በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 አያርስም፤ በእነዚህ በዓላት ከቅዳሴ መልስ ገብቶ እስከ ማታ እንዲቀመጥ ቀኖቹ በስሙ ይጻፉ። ወንድ ልጅ እናቱን ለማጠብ ቢያፍር ይገባናል፤ ማገላበጥ፣ መሸከም፣ ውኃ መቅዳት፣ መድኃኒት ማምጣትና ሌሊት አጠገቧ ማደር ግን የእሱም ሥራ ነው፤ ለእኅቱ ብቻ መተው የለበትም።

ዓመቱንም ይመልከቱ። ሐምሌና ነሐሴ ገበሬው በእርሻና በአረም ይያዛል፣ ተማሪዎች ግን ቤት ናቸው፤ የማገላበጡ ተራ ለእነሱ ይሁን፣ መጀመሪያ ግን አያያዙን ያሳዩአቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ከገጠር ሰው አይጠብቁ፤ ትዕዛዝም በዚህ ጊዜ ይቀንሱ። ጥር ሠርግ የሚበዛበትና እንጀራ የሚፈለግበት ወር ነው፤ ገበሬውም ምርቱን ያስገባበት በመሆኑ ከባድ ትዕዛዝ የሚያዘው ያኔ ነው።

ጎረቤት ያሉ አስታማሚ ሴቶች ካሉ ወንፈል ይግቡ። ለአጨዳ የሚሆነው ወንፈል ለዚህም ይሠራል፦ ሦስት ሴቶች በሳምንት አንዳንድ ግማሽ ቀን እየተለዋወጡ አንዷ በሌላዋ ቤት ትቀመጣለች። ሰዓት በሰዓት ይመለሳል፣ ብር አይገባበትም። የሚፈርሰው አንዷ ሁለት ጊዜ ተቀብላ ሳትመልስ ስትቀር ስለሆነ ተራው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለምትቀመጠው ሴት ቀጣዩ ማገላበጥና መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሆነ በአንድ ወረቀት ይጻፍላት።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ ልጅ ብር ሲልክ ለምን እንደሆነ ስም ይሰጠው፦ ለልብስ አጣቢ፣ ለዳይፐር፣ ለመድኃኒት። ስም የሌለው ብር ከጤፍ መግዣው ጋር ይቀላቀልና ለታማሚው ሳይውል ያልቃል። በአደራ መልክ፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በቴሌብር ይግባ።

የመጀመሪያዋ ተቀጣሪ ልብስ አጣቢ ትሁን፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የራሰ አንሶላና ጋቢ ማጠብ ከሁሉ የበለጠ ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው፣ ማንም ደግሞ ሊሠራው ይችላል። ለታማሚው ገላ እንግዳ ሰው ማስገባት የኋላ ነገር ነው።

ደመወዝተኛ ለሆኑ

በግል ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከትዎታል። ለታመመ ወላጅ ተብሎ የተለየ ፈቃድ አዋጁ አላስቀመጠም፤ ያለውን አቀናጅቶ መጠቀም ነው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየ2 ተጨማሪ ዓመት 1 ቀን ይጨመራል፤ ጠይቀው አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጣል። ለልዩና ከባድ ሁኔታ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ መውጣት ይቻላል። ከሆስፒታል መውጫ ቀን ለመሰለ ነገር ይህን ይጠቀሙና የዓመት ፈቃድዎን አጨዳ ላለበት ወቅት ያስቀምጡ። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂ ይያዙ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ሕጉ ሌላ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን የሰው ሀብት ክፍል ያነጋግሩ።

ለማስታመም ሲሉ ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት የጡረታ ዓመትዎን ይቁጠሩ። መጦሪያው 60 ዓመት ነው፣ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 8 ወይም 9 ዓመት ላይ የደረሰች ሴት ማመልከቻ ብታስገባ ዕድሜዋን ሙሉ የሚከፈላትን አበል ታጣለች። ከመልቀቅ ይልቅ ለአጣቢና ለተቀማጭ ደመወዝ ከፍሎ መቆየት ይሻላል። መዋጮው በትክክል እየገባ መሆኑንም ይጠይቁ፦ ከእርስዎ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

ጤና መድንና መድኃኒት

ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያውን በየዓመቱ ያሳድስ። በብዙ ወረዳዎች ምዝገባው አዝመራ ከገባ በኋላ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ከኪስ ይከፈላል። መታወቂያው ባልና ሚስትን፣ ከ18 ዓመት በታች ልጆችን ይይዛል፤ አብራችሁ የምትኖር እናት ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎላት በስሟ መመዝገብ አለባት። ብዙ ሴቶች ይህን የሚያውቁት ሆስፒታል በር ላይ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ በቀጥታ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሪፈራል ከሄዱ መድኑ ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት 2 ሳምንት ሲቀረው ይገዛ። ተቅማጥ ከያዘው አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጥበጥ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። የልጅ ልጅ ለያዙ፣ የክትባት ካርዱን ከእናቱ ይቀበሉ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጡት እንዳያልፉ።

የእርስዎ አካል

ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሊያገኙ ይገባል፤ ለዚህ በእነዚያ ሌሊቶች የሚያድር ሰው በስሙ ይጻፍ፣ እርስዎም ሌላ ክፍል ይተኙ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሊያመጡ በሄዱ ቁጥር የራስዎንም ግፊት ያስለኩ። ምጣዱ ወገብዎ ድረስ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሁን፤ መሬት ላይ ተቀምጦ መጋገር ከማገላበጡ ጋር ሲደመር ጉልበትና ወገብ ይገላል። እግርዎ ካበጠ፣ ደረትዎን ከጨመቀዎት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ካስጠላዎትና ማልቀስ ካበዙ ለጤና ባለሙያው ይንገሩት። የዚያን ሳምንት ትዕዛዝም ወደ 30 ያውርዱት፤ ሁለተኛውን ባልዲ ተጠባባቂዋ ሴት ትጋግረው።